ከጎዳና ወደ ተራራ፣ ከተራራ ወደ ጎዳና፤ የብስክሌት ጎማ ታሪክ

አንድ የተራራ ብስክሌት አጥር ተደግፎ ቢያዩና ጎማውን ብቻ ቢመለከቱ፣ ስለ ባለቤቱ ኑሮ ብዙ መሳሳትዎ አይቀርም። ጎማው ወፍራም ነው፤ ጥርሱ እንደ ትራክተር ጎማ አግጥጧል። ጭቃ እንዲቧጥጥ፣ ጠጠር እንዲነክስ፣ ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ሆኖ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ግን ጠዋት ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ማታ ከሥራው ወደ ቤቱ አስፋልት ለአስፋልት የሚመላለስ ሰው ነው። ተራራውን የሚያየው ከሩቅ ነው። ጥርሳሙ ጎማ አስፋልቱ ላይ እያጉረመረመ ይሄዳል፤ እግር ይደክማል፤ ባለቤቱም ድካሙን ከራሱ ጉልበት ማነስ ይቆጥረዋል። ጥፋቱ የጉልበት ሳይሆን የጫማ ነው። የእርሻ ቦቲ ተጫምቶ ፒያሳ ለፒያሳ የሚመላለስ ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል?

ለመሆኑ የተራራ ጫማ በከተሜ እግር ላይ እንዴት ገባ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደናል። ታሪኩን የተከታተለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል፤ የብስክሌት ጎማ ከመነሻው የጎዳና ልጅ ነበር። ወደ ተራራ የሄደው በኋላ ነው። ዛሬ የተራራ ብስክሌቱን ጥርሳም ጎማ አውልቆ የጎዳና ጎማ የሚያስገባ ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የጠፋውን ልጅ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥንት አራጋፊው

በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ፔዳል የተገጠመለት የመጀመሪያው ብስክሌት ለገበያ ሲወጣ እግሩ እንጨት፣ ጫማው ብረት ነበር። እንደ ሠረገላ ሁሉ የእንጨቱ መንኮራኩር ዙሪያውን በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። እንግሊዞች ይህን ብስክሌት «አጥንት አራጋፊ» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ድንጋይ በተነጠፈበት የአውሮፓ ጎዳና ላይ ሲነዳ የሚሰማውን ስሙ ራሱ ይናገራል። በኋላ ብረቱ ድፍን ላስቲክ ተተካበት፤ ንዝረቱ ትንሽ ቀነሰ፤ ነገር ግን አልጠፋም።

ላስቲኩም ቢሆን በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ከዛፍ የሚወጣው ጥሬ ላስቲክ ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል፤ ብርድ ሲያገኝ ይሰባበራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር በእሳት አዋህዶ ይህን ጠባዩን ገራው፤ በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የደከመበት ነገር ግን አላለፈለትም። በ1860 ሲሞት የተረፈው ዕዳ ነበር።

አየር የታሰረበትን ጎማ መጀመሪያ ያሰበው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። በ1845፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ «የአየር መንኮራኩር» ሲል የጠራውን ፈጠራ አስመዘገበ፤ በ1847 ለንደን በሚገኘው ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ በሠረገላ ላይ ገጥሞ አሳየ። ሠረገላው ያለ ኮቴ ድምፅ የሚሄድ ያህል ለስላሳ ነበር። ይሁን እንጂ ላስቲኩ ውድ ነበር፤ በፔዳል የሚነዳው ብስክሌት ደግሞ ገና አልተወለደም። አንድ ነገር ጊዜው ሳይደርስ ከመጣ እንግዳ ተቀባይ አያገኝም። የቶምሰን ጎማ ተረሳ።

የቤልፋስቱ እንስሳት ሐኪም

ከአርባ ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ እንደገና ተወለደ። ቦታው የአየርላንዷ ቤልፋስት፣ ሰውየው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። እሱም የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ሙያውም የእንስሳት ሕክምና ነበር። ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ ድፍኑ ላስቲክ ያንገጫግጨው ነበር። አባት በ1887 አንድ የእንጨት ክብ ዙሪያውን በአየር በተሞላ የላስቲክ ቱቦ ጠቀለለና ከልጁ ብስክሌት መንኮራኩር ጋር በግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ድፍኑ መንገድ ላይ ቆሞ ወደቀ። አየር ያለበት ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ደንሎፕ የፈለገው ምቾት ነበር፤ ያገኘው ግን ምቾትና ፍጥነት ነው።

በ1888 ፈጠራውን አስመዘገበ። በግንቦት 1889 ዊሊ ሂውም የተባለ ተወዳዳሪ የደንሎፕን ጎማ ገጥሞ ቤልፋስት በተደረገ ውድድር የተካፈለባቸውን ሁሉ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ድፍን ላስቲክ ይዞ ለውድድር መሰለፍ ትርጉም አጣ። የደብሊኑ ነጋዴ ሃርቪ ዱ ክሮ ፈጠራውን ይዞ ኩባንያ አቋቋመ። በ1890 ግን መርዶ መጣ፤ ቶምሰን ከ45 ዓመት በፊት አስመዝግቦት ነበርና የደንሎፕ የፈጠራ መብት ዋጋ የለውም ተባለ። ኩባንያው በሌሎች የፈጠራ መብቶች ተደግፎ ገነነ፤ ደንሎፕ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኩባንያው ወጣ። በስሙ የተሸጠው ጎማ ካመጣው ሀብት የደረሰው ጥቂቱ ነው።

የደንሎፕ ጎማ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው፤ መንኮራኩሩ ላይ በሙጫ የተጣበቀ ነበር። እሾህ ቢወጋው ማላቀቅ፣ መጠገን፣ መልሶ ማጣበቅ፣ ከዚያም እስኪደርቅ ማደር ነው። በ1889 አንድ ብስክሌተኛ ጎማው ተነፍሶበት ፈረንሳይ ውስጥ ክለርሞን ፌራን ወዳለው የሚሽለን ወንድማማቾች ፋብሪካ ሄደ። ጥገናው ሰዓታት ፈጀ፤ ሙጫው ሲደርቅ አደረ። ኤዷር ሚሽለን በማግስቱ ሲሞክረው ጥቂት መቶ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ተነፈሰ። ኤዷር የተማረው ነገር ቢኖር ጎማ ማንም ሰው በቀላሉ ሊያወልቀው የሚችል መሆን እንዳለበት ነው። በ1891 የሚወልቅ ጎማ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት መስከረም ቻርል ቴሮ በዚህ ጎማ ከፓሪስ ብረስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ72 ሰዓት ውስጥ ነድቶ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የጎማውን ጠርዝ በሽቦ አስሮ ቸርኬው ውስጥ እንዲቀመጥ አደረገ። ዛሬ ጎማችንን አውልቀን ሌላ መግጠም የቻልነው በእነዚህ ሰዎች ነው። ጎማ መለወጥ የሚባል ነገር የተጀመረውም ያኔ ነው።

ይህ የምቾት ታሪክ ግን ሌላ ፊት አለው፤ ዘልሎ ማለፍ አይገባም። የብስክሌት፣ ቀጥሎም የመኪና ጎማ የዓለምን የላስቲክ ጥማት አናረው። የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ከ1885 እስከ 1908 እንደ ግል ርስቱ በያዘው ኮንጎ፣ ሕዝቡ ከጫካ ላስቲክ ለቅሞ እንዲያስረክብ ኮታ ተጣለበት። ያላሟላ ተገረፈ፤ ተገደለ፤ ወታደሮቹ የተኮሱትን ጥይት ለማወራረድ የሰው እጅ ቆርጠው ያስረክቡ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት በ1904 በወጣው ሪፖርቱ ይህን ለዓለም ገለጠ። በአውሮፓ ጎዳና ላይ ንዝረቱ የጠፋለት ብስክሌተኛ፣ ሥቃዩ ወዴት እንደተዛወረ አላየም።

«ከመነዳሪ» እና «ጎሚስታ»

ወደ እኛ አገር የመጣው ጎማ ስሙን ይዞ የመጣው ከጣልያን ነው። «ጎማ» ራሱ ጣልያንኛ ነው። ጎማ የሚጠግነውን «ጎሚስታ» የምንለውም ከዚያው ወስደን ነው። «ከመነዳሪ» ደግሞ ጣልያኖች «ካሜራ ዳርያ» የሚሉት ነው፤ ትርጉሙም የአየር ክፍል ማለት ነው። የጎሚስታ ልጅ ከመነዳሪውን ውኃ በሞላበት ሳፋ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልግ፣ ቶምሰን በ1845 ያሰበውን «የአየር መንኮራኩር» በአማርኛ አፍ እየጠራው ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ሜልበርን ላይ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በጎዳና ውድድር ተሰልፈዋል። የያዙት ቀጭንና ልሙጥ የጎዳና ጎማ ነበር፤ በዚያን ጊዜ «የተራራ ብስክሌት» የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረምና።

ቁልቁለት ወራጆቹ

ታሪኩ አቅጣጫውን የቀየረው አሜሪካ ውስጥ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የብስክሌት ገበያ ተንኮታኩቶ ነበር። የቺካጎው ፍራንክ ሽዊን በ1933፣ ጀርመን አገር ያየውን መሠረት አድርጎ፣ 2.125 ኢንች ስፋት ያለው ወፍራም «ፊኛ ጎማ» ያለው ብስክሌት አወጣ። ለልጆች የታሰበ፣ ከባድ፣ ጠንካራ፣ በእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቢወጡበት የማይሰበር ነበር። የመንኮራኩሩም መጠን 26 ኢንች ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ 784 ሜትር ከፍታ ባለው በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ የሚኖሩ ወጣቶች እነዚህን የተጣሉ አሮጌ ብስክሌቶች ከየጋራዡና ከየቆሻሻው እየለቀሙ ቁልቁለት መውረጃ አደረጓቸው። የወጣቶቹ መናኸሪያ የፌርፋክስ ከተማ ጎረቤት የሆነው የፓይን ተራራ ነበር። ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል የሚያሽቆለቁል የአፈር መንገድ አለው። በኋላ እግሩ ላይ ያለው ፍሬን ከሙቀቱ ብዛት ግራሱን ወደ ጢስ ይለውጠው ነበር፤ ስለዚህ ከአንድ ወረዳ በኋላ ፈትቶ እንደገና ግራስ መሙላት ግድ ነበር። መንገዱም «ሪፓክ»፣ ማለትም «እንደገና ሙላ» የሚል ስም ወጣለት። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ጥቅምት 21 ቀን 1976 ነው።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ብስክሌት ሠራ። በ1979 ጌሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ፣ ቶም ሪቺ የሚሠራቸውን ብስክሌቶች ይዘው ለመሸጥ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ «ስታምፕጃምፐር» ብሎ የሰየመውን በብዛት የተመረተ የተራራ ብስክሌት አወጣ። በ1990 ዱራንጎ፣ ኮሎራዶ ላይ የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ፤ በ1996 አትላንታ ላይ ስፖርቱ ኦሊምፒክ ገባ። የአንድ ሠፈር ልጆች የቁልቁለት ጨዋታ በሃያ ዓመት ውስጥ የዓለም ስፖርት ሆነ።

ከተማውስ? ከተማውም ወደደው። ምክንያትም አለው። የተራራ ብስክሌት ላይ ቀና ብለው ስለሚቀመጡ መንገዱ በደንብ ይታያል፤ ፍሬኑ ይይዛል፤ ማርሹ ዳገት ያስወጣል፤ ቸርኬው ጉድጓድ ይችላል። በ1987 የሲያትል ከተማ ፖሊሶች በተራራ ብስክሌት የመሐል ከተማውን ጎዳና መጠበቅ የጀመሩት ይህን አይተው ነው። ሆኖም ሻጩ የሚሸጠው ብስክሌት ብቻ አልነበረም፤ ሥዕልም ነበር። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ለዚያ ሥዕል ጥርሳም ጎማ ያስፈልጋል። ገዢው ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድ ገዛው፤ ጥርሱ ግን ተራራውን እንዳሰበ ቀረ።

የጥርስ ዋጋና የልሙጥ ፍርሃት

ጥርስ አስፋልት ላይ ምን ያደርጋል? ለስላሳ አፈር ላይ ጥርሱ ሰጥሞ ይነክሳል። አስፋልት ግን አይነከስም፤ ስለዚህ በየዙሩ እያንዳንዱ የላስቲክ ጥርስ ይጎብጣል፤ ይቃናል። ያ መጉበጥና መቃናት ከነጂው እግር የወጣ ጉልበት ነው፤ ወደ ሙቀትና ወደዚያ የታወቀ ጉርምርምታ ተለውጦ ይባክናል። ኩርባ ላይ ሲያዘነብሉ ደግሞ የጎን ጥርሶች ከሥር ይተጣጠፉና ብስክሌቱ የሚከዳ ይመስላል።

ብዙ ሰው ግን ልሙጥ ጎማ ይፈራል። እኛ አገር «ጎማው ሙልጭ ብሏል» ማለት አልቋል፣ ይጥላል ማለት ነው። ይህ ለመኪና እውነት ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሥሩ የሚገባው ውኃ መውጫ ቦይ ካላገኘ መኪናው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የብስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ ነው፤ ውኃውን እንደ ጀልባ አፍንጫ ሰንጥቆ ይወርዳል። በአንድ ብስክሌተኛ ፍጥነት ሊንሳፈፍ አይችልም፤ ለዚያ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ያስፈልገዋል። «የብስክሌት መንኮራኩር» የተባለውን መጽሐፍ በ1981 ያሳተመው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት (በ2015 አርፏል) ይህን ለዓመታት ሲያስረዳ ኖሯል። በ1980ዎቹ አቮሴት ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ ምንም ቦይ የሌለው ልሙጥ ጎማ እንዲሠራ አድርጓል። አስፋልትን የሚይዘው ላስቲኩ ራሱ እንጂ በላዩ የተቀረጸው ጌጥ አይደለም። እርጥብ ላይ የሚያንሸራትቱት የቀለም መስመር፣ የብረት ክዳንና የረገፈ ቅጠል ናቸው፤ ለእነዚህ ጥርሳሙም መድኃኒት የለውም።

ለውጡ እንዴት ይደረጋል?

እዚህ ላይ የቁጥሮቹን ወጥመድ መጥቀስ ግድ ይላል። «26» የሚለው ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። የተራራ ብስክሌት 26 በነጥብ ነው የሚጻፈው፤ ለምሳሌ 26 በ1.50። የድሮ ብስክሌቶች ደግሞ በክፍልፋይ፣ ለምሳሌ 26 በ1 3/8 ይባላሉ። ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። የማያሳስተው በጎማው ጎን በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር ነው፤ የባለ 26 የተራራ ብስክሌት ቁጥር 559 ሲሆን የክፍልፋዩ 590 ነው። ከ2010ሩ ዓመታት ወዲህ ባለ 26 በአዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች ላይ በባለ 27.5 እና በባለ 29 ተተክቷል። የባለ 29 ቁጥር 622 ነው፤ ይህም የጎዳና እሽቅድምድም ብስክሌት ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት ያው ልክ ነው። ተራራው ዞሮ ዞሮ የጎዳናውን መንኮራኩር ተዋሰ ማለት ነው።

ስፋቱ እንደ መንገዱ ይመረጣል። ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ከሆነ 1.25 ኢንች ይበቃል። አስፋልቱ ጉድጓድ የበዛበት፣ ወይም እንደ አዲስ አበባ ሠፈሮች ኮብልስቶን የተነጠፈበት ከሆነ ከ1.5 እስከ 2 ኢንች የሆነ ልሙጥ ጎማ ይሻላል። ቀጭን ሁሉ ፈጣን ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚያንገጫግጭ ጎማ ጉልበትን በንዝረት ያባክናል። ደንሎፕ ግቢው ውስጥ ያየው ይህንኑ ነው። ቸርኬውም ይታይ፤ የዛሬዎቹ በጣም ሰፋፊ ቸርኬዎች ቀጭን ጎማ በደህና አይዙም።

ሲገጥሙ ቸኩሎ በጠመንጃ መፍቻ መፈልቀቅ ከመነዳሪውን መብሳት ነው። አየሩን ጨርሶ ማውጣት፣ የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ቸርኬው መሐል ቦይ መግፋት ነው፤ ያኔ በሌላው በኩል ይላላል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይበቃል፤ አንዳንዴ እጅ ብቻውን ይበቃል። ለወፍራም ጎማ የተሠራ ከመነዳሪ ቀጭን ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ልኩን መለወጥ ነው። አዲሱን ጥቂት ነፍቶ ማስገባት፣ የጎኑን ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ማድረግ፣ ከዚያ ጠርዙ የትም ቦታ ከመነዳሪውን እንዳልነከሰ እያዩ መንፋት ነው። ቀጭን ጎማ ከወፍራሙ የበለጠ አየር ይፈልጋል፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አይታለፍም።

ሁለት ነገር ይለወጣል። ከ2.1 ወደ 1.25 ኢንች የወረደ ብስክሌት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ኩርባ ላይ ፔዳሉ መሬት እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። በአንድ ዙር የሚጓዘውም ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ያጥራል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ያለው ቆጣሪውን ያስተካክል። በምትኩ ዳገቱ ይቀላል፤ ጉርምርምታውም ጸጥ ይላል።

ይህን ሁሉ ማለት ለምን አስፈለገ? የብስክሌት ነጂ ሞተሩ ራሱ ነው፤ ቁርሱን ነው የሚያቃጥለው። አንድ ሰው በየቀኑ በጎማ ጥርስ የሚያባክነው ጉልበት፣ ከጊዜ በኋላ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ታክሲ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ያው ጉልበት ነው። ሻጩ ሌላ አዲስ ብስክሌት ግዛ ይለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ቶምሰን ሠረገላውን አልለወጠም፤ ደንሎፕም ለልጁ ሌላ ብስክሌት አልገዛለትም፤ የማሪን ወጣቶችም የተጣለ አነሡ እንጂ አዲስ አልጠየቁም። ሁሉም የያዙትን ነገር ከሚሄዱበት መንገድ ጋር አስማሙ። ሁለት ጎማና ሁለት ከመነዳሪ ይዞ ጎሚስታው ዘንድ የሚሄድ ሰው የእነሱ ወራሽ ነው።